ከ10 ነጥብ 0.8፦ የሜታሊካ የጣሳ ድምፅ ጉዳይ

ስቱዲዮ ውስጥ ነን። ረጅም ጢም ያላቸው አንድ አዛውንት ተቀምጠው ሙዚቃ ያዳምጣሉ። ያስደመጣቸው ልጃቸው ነው። ልጁ ላርስ ኡልሪክ ይባላል፤ የአሜሪካው የሜታል ባንድ የሜታሊካ ድራመር። ሙዚቃው ሲያልቅ ልጅ አባቱን አስተያየት ጠየቀ። አማካሪያችን ብትሆን ምን ትለን ነበር ዓይነት ጥያቄ ነው። አባት ረጋ ብለው መለሱ። አጥፉት አሉ።

ሰውየው ቶርበን ኡልሪክ ናቸው። በዴቪስ ካፕ ለዴንማርክ የተሰለፉ የቴኒስ ተጫዋች ነበሩ። ስለ ጃዝም በጋዜጣ ይጽፉ ነበር። ስለዚህ አስተያየታቸው የአባት ብቻ አይደለም፤ የሃያሲም ነው። አልበሙ ገና ሳይወጣ የመጀመሪያውን ሂስ ከቤተሰብ ቀመሰ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ደግሞ ካሜራ እየቀረጸ ነበር።

ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያ አልበም ነው። «ሴንት አንገር» ይባላል፤ የወጣው በ2003 ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንዱ ሃያሲ ከ10 ነጥብ 0.8 ሰጠው። ሌላው ከ5 ኮከብ 4 ሰጠው። ግራሚ ወሰደ። አድናቂዎች ደግሞ ፕሮዲዩሰሩ (የቀረጻውን ሥራ የሚመራው ሰው) ይነሳልን ብለው ፊርማ አሰባሰቡ። ይኼ ሁሉ በአንድ አልበም ላይ የደረሰ ነው። እኔን የሚገርመኝ መከፋፈላቸው አይደለም። ሁለቱም ወገን አለመዋሸቱ ነው። የሰሙት ነገር ለየቅል ነበር።

እንግዲህ ከሥሩ እንነሳ። ሜታሊካ በ1981 ሎስ አንጀለስ ላይ ተመሠረተ። መሥራቾቹ ዘፋኝና ጊታሪስቱ ጄምስ ሄትፊልድ እና ኡልሪክ ናቸው። በ80ዎቹ በፈጣንና በከባድ ሙዚቃ ስም አወጡ። በ1986 ስዊድን ውስጥ አውቶቡሳቸው ተገልብጦ ቤዝ ተጫዋቻቸው ክሊፍ በርተን ሞተ። እሱን የተካው ጄሰን ኒውስቴድ ነው። በ1991 በባንዱ ስም የተሰየመው፣ አድናቂው «ጥቁሩ አልበም» የሚለው ወጣ። አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ16 ሚሊዮን ኮፒ በላይ ተሸጠ። ፕሮዲዩሰሩ ቦብ ሮክ ነበር። ይህን ስም ያዙልኝ፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቶሎ ልለፈው። በ1996 እና በ1997 ሁለት አልበሞች ወጡ። ሙዚቃው ለዘብ አለ፤ ፀጉርም ተቆረጠ። የድሮው አድናቂ በሁለቱም አኮረፈ። በ2000 ደግሞ የናፕስተር ጉዳይ መጣ። ሰዎች ዘፈን በኢንተርኔት በነፃ የሚለዋወጡበት አገልግሎት ነበር። ባንዱ ከሰሰው። ክሱ ብቻ ቢሆን ደህና ነበር። ዘፈኖቻቸውን ይለዋወጣሉ ያሏቸውን 335,435 ተጠቃሚዎች ዘርዝረው ለኩባንያው አስረከቡ። አስቡት እንግዲህ፤ ዝርዝሩ ውስጥ ያለው ሰው ማነው? አድናቂ ነዋ! ሌላ ማን የሜታሊካን ዘፈን ይፈልጋል?

ስለዚህ «ሴንት አንገር» የወጣው የተቀየመ ሕዝብ ፊት ነው። ይህን ሳይዙ አቀባበሉን ማንበብ አይቻልም። አንጋፋ ባንድ አዲስ አልበም ሲያወጣ አድማጩ ባዶ እጁን አይመጣም። የድሮ ፍቅርም የድሮ ቂምም ይዞ ነው የሚመጣው።

በጃንዋሪ 2001 ኒውስቴድ ባንዱን ለቀቀ። ከሜታሊካ ውጭ ሌላ ፕሮጀክት ሊሠራ ፈልጎ ሄትፊልድ አልተስማማም ነበር። የቀሩት ሦስቱ፣ ሄትፊልድ፣ ኡልሪክና ጊታሪስቱ ከርክ ሃሜት፣ ያለ ቤዝ ተጫዋች አዲስ አልበም ጀመሩ። ቦታው ሳን ፍራንሲስኮ፣ ፕሬሲዲዮ የሚባል የቀድሞ የጦር ሰፈር ነው። ቤዙን ማን ይጫወት ሲባል ፕሮዲዩሰሩ ቦብ ሮክ ራሱ አነሳው።

እርስ በርስ መነጋገር ስላቃታቸው አንድ ባለሙያ ተቀጠረላቸው። ፊል ታውል ይባላል። ክፍያው በወር 40,000 ዶላር ነው። ጠረጴዛ ዙሪያ እያስቀመጠ ያነጋግራቸዋል፤ ምን ተሰማህ፣ ምን አስቀየመህ ይላል። ዓለምን በጩኸት ያናወጡ ሰዎች ናቸው እንዲህ የሚደረጉት። ማሳቁ አይቀርም፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ያሳዝናል።

በዚያው ዓመት በጁላይ ሄትፊልድ ለአልኮልና ለሌሎች ሱሶች ሕክምና ገባ። ሥራው ቆመ። ለወራት ባንዱ ይኑር ይሙት አልታወቀም። ሲመለስ ደግሞ ደንብ ይዞ መጣ። በቀን 4 ሰዓት ብቻ ነው የምሠራው፤ ከቀትር እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት። እኔ ከሄድኩ በኋላም እናንተ ቁጭ ብላችሁ የተቀዳውን እየሰማችሁ አትወስኑ አለ። ኡልሪክ በዚህ ጦፈ። ሁለቱም እውነት አላቸው። አንዱ እየዳነ ነው፤ ሌላው ሥራው እየሞተበት ነው። ያ ፍጥጫ እንዳለ አልበሙ ውስጥ ገባ። ግን አድማጩ ሲዲውን ሲከፍት ይህን ሁሉ የሚነግረው የለም። ይህን ነገር ደግሜ አነሳዋለሁ።

አሁን ወደ ከበሮው። መቼም የዚህ አልበም ነገር ያለ ከበሮው አይወራም።

ስኔር የሚባለውን ታውቁታላችሁ። ድራመሩ ጉልበቶቹ መሃል የሚያደርገው ጠፍጣፋው ነው። ከሥሩ፣ የታችኛውን ቆዳ ታክከው የተወጠሩ ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። ከላይ ሲመታ ሽቦዎቹ ከቆዳው ጋር ይንሿሿሉ። ምቱን ስል የሚያደርገው፣ ቁርጥ የሚያደርገውም እሱ ነው። ጎኑ ላይ ትንሽ ማንሻ አለች። እሷን ስትለቋት ሽቦዎቹ ይላላሉ። ያን ጊዜ «ጧ» ይላል። ምቱ አይቆረጥም፤ ይጮኻል፣ ያስተጋባል። ባዶ ጣሳ በማንኪያ እንደመምታት ነው።

እንደ ኡልሪክ አነጋገር ነገሩ በአጋጣሚ ነው የመጣው። አንድ ቀን ማንሻዋን ማንሳት ረሳ። የተቀዳውን መልሶ ሲሰማ ወደደው። ተወው አለ። ከዚያ አልበሙ በሙሉ እንዲያ ሆነ። አንድ ዘፈን ላይ ቢሆን ቅመም ነበር። 11 ዘፈን ላይ፣ ለ75 ደቂቃ፣ ሌላ ነገር ነው።

ሁለተኛው ነገር ሶሎ የለም። አንድም የጊታር ሶሎ፣ ማለትም ጊታሩ ብቻውን ጎልቶ የሚጫወትበት ክፍል፣ የለም። ሃሜት ማለት በሶሎ እንጀራውን የሚበላ ሰው ነው። ነገር ግን በዚያ ሰሞን የገነነው የሜታል ዘይቤ ጊታሩን ዝቅ አድርጎ መቃኘትና ሶሎ መተው ነበር። ሃሜት ስቱዲዮ ውስጥ ተከራክሯል። ሶሎ ካልገባ አልበሙን የዘመኑ እስረኛ እናደርገዋለን፣ ነው ክርክሩ። ያኔ ጆሮ አልተሰጠውም። ዛሬ ሳዳምጠው ሃሜት ትክክል ነበር እላለሁ። ሶሎ አለመኖሩ ብቻ ሳይሆን በምን ዘመን እንደተተወ ጭምር ይሰማል።

ግጥሙም እንደ ድሮው በሄትፊልድ ብቻ አልተጻፈም። ሁሉም እንዲያዋጡ ተደረገ። ከንግግር ክፍሉ ተነስተው በቀጥታ ማይክ ላይ የተቀመጡ የሚመስሉ ስንኞች አሉ። ንዴት፣ ፍርሃት፣ እኔ ማነኝ። አንዳንዱ ያማል። አንዳንዱ ደግሞ ሰው ፊት ሲነበብ ያሳፍራል።

አልበሙ በጁን 10 ሊወጣ ታስቦ ነበር። ቀድሞ በኢንተርኔት እንዳይሾልክ ተብሎ ወደ ጁን 5 ተሳበ። የናፕስተር ቁስል ገና አልሻረም ማለት ነው። ከሲዲው ጋር አንድ ዲቪዲም ነበር። ባንዱ ዘፈኖቹን በሙሉ ልምምድ ክፍል ውስጥ ሲጫወታቸው ያሳያል። ቤዙን የያዘው አዲሱ አባል ሮበርት ትሩሂዮ ነው። በፌብሩዋሪ 2003 ሲቀጠር የ1 ሚሊዮን ዶላር ቅድሚያ ክፍያ ቀርቦለታል። ይህን ዲቪዲ ብዙ ሰው ይረሳዋል። እኔ ግን ከዋናው ሲዲ ይሻለኛል። እዚያ ላይ ባንድ ይሰማል። ሲዲው ላይ የሚሰማው በኮምፒውተር ተቆርጦ የተቀጠለ ነገር ነው።

ሽያጩ ምንም አልተነካም። አሜሪካ ውስጥ በመጀመሪያው ሳምንት ከ400,000 ኮፒ በላይ ተሸጦ በሽያጭ ሰንጠረዡ በቢልቦርድ ላይ አንደኛ ሆነ። በኋላም ድርብ ፕላቲነም (2 ሚሊዮን ኮፒ) ደረሰ። ይህን የምጽፈው «ማንም አልገዛውም» የሚባል ወሬ ስላለ ነው። ተገዝቷል። ጥያቄው ስንት ሰው ሁለተኛ ጊዜ አዳመጠው ነው። እሱን ደግሞ ቢልቦርድ አይቆጥርም።

ሂሱ ላይ ደረስን። ሮሊንግ ስቶን መጽሔት 4 ኮከብ ሰጠ። በሌሎች ሕትመቶችም ደግ ደግ አስተያየት ነበር። ደግ የሆኑትን ስታነቡ ተደጋግመው የሚመጡ ነገሮች አሉ። እውነተኛ ነው፣ ጥሬ ነው፣ ያልተቀባባ ነው፣ ድፍረት ነው። ከኦልሙዚክ ድረ ገጽ የመጣው ግምገማ የባንዱን የውስጥ ትግል ሳያለዝብ የመዘገበ ሰነድ አድርጎ አየው። ሰነድ የሚለውን ልብ በሉ። ሰነድ ይነበባል፣ ይከበራል። በመኪና ውስጥ ድምፁ ከፍ ተደርጎ አይከፈትም።

የሙዚቃ ድረ ገጹ ፒችፎርክ በሌላኛው ጫፍ ቆመ። ከ10 ነጥብ 0.8። አንድ እንኳን አልሞላም። ጸሐፊው የኡልሪክን ድራም ሲገልጸው ከብረት፣ ከአሉሚኒየምና ከተሰበረ የቤተ ክርስቲያን ደወል የተሰበሰበ ነው ብሎ ቀለደ። ጭካኔ ነው። ግን አንድ ነገር ልመስክርለት። ጆሮው ላይ የደረሰውን ነው የጻፈው። ማን ሱስ ላይ ነበር፣ ማን ከማን ተኳረፈ የሚለው ማቅለያ አልሆነለትም።

ግምገማዎችን ሰብስቦ በአማካይ የሚያስቀምጠው ሜታክሪቲክ ከ100 ለአልበሙ 65 ያሳያል። ቁጥሩን ብቻ የሚያይ ሰው «መካከለኛ አልበም» ይላል። እዚህ ጋ ነው አማካይ የሚያሳስተው። ይህን አልበም መካከለኛ ነው ያለ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። ወይ ይሟገቱለታል፣ ወይ ይስቁበታል። 65 የማንም ስሜት አይደለም።

ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? የኔ ግምት ይኼ ነው። ሙያተኛ ሃያሲ አልበሙን የሚቀበለው ከነወሬው ነው። ቃለ መጠይቁን አንብቧል። ሄትፊልድ ሕክምና ገብቶ እንደወጣ ያውቃል፤ ባንዱ ሊፈርስ እንደነበረ ያውቃል። ያን ይዞ ሲያዳምጥ ጣሳው የቁስል ድምፅ ይሆንለታል። ሶሎ መጥፋቱም ጉራ መተው ይሆንለታል። ባጭሩ ታሪኩን ነው የገመገመው። አድማጩ ግን ገንዘቡን ከፍሎ ሲዲውን ገዛ። ማጫወቻ ውስጥ ከተተው። «ጧ» አለበት። አለቀ።

ሁለቱም ትክክል ናቸው እያልኩ ማላመጥ አልፈልግም። አልበም የሚሸጠው እንደ ሙዚቃ ነው። ለማጣጣም የሌላ ሰው ትረካ የሚያስፈልገው ከሆነ አንድ ነገር ጎድሎታል። በዚህ በኩል ከአድማጩ ጋር ነኝ። ጥፋቱ ግን ከበሮው ነው በሚለው ላይ ከአድማጩ እለያለሁ። ለምን እንደሆነ ትንሽ ቆይቼ እመጣበታለሁ።

በፌብሩዋሪ 2004 የርዕሱ ዘፈን በምርጥ የሜታል ክዋኔ ዘርፍ ግራሚ አሸነፈ። የተቃወሙት ሳቁ፣ የወደዱት ደረታቸውን ነፉ። እኔ ግራሚን ብዙ ክብደት አልሰጠውም፤ በተለይ በዚህ ዓይነት ሙዚቃ። በ1989 ሽልማቱ ለሃርድ ሮክና ለሜታል መጀመሪያ ሲሰጥ ሜታሊካ ይወስዳል ተብሎ ሲጠበቅ ዋሽንት ለሚነፋበት ባንድ ለጄትሮ ተል ነው የሄደው። ያኔ መስጠት ሲገባቸው ነፈጉ። በ2004 ደግሞ ሰጡ። ለየትኛው አልበም ሥራ እንደሰጡ እነሱ ያውቁታል።

ከግራሚው ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በጃንዋሪ 2004፣ ነገሩን የቀየረው ነገር መጣ። ጆ በርሊንገርና ብሩስ ሲኖፍስኪ ስቱዲዮ ውስጥ ሲቀርጹት የከረሙት ዘጋቢ ፊልም ሳንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ታየ። «ሳም ካይንድ ኦፍ ሞንስተር» ይባላል፤ ስሙ ከአልበሙ ዘፈኖች የአንዱ ነው። ሲጀመር ለአልበሙ ማስተዋወቂያ እንዲሆን ነበር። መጨረሻው ሌላ ሆነ። የ40,000 ዶላሩ ባለሙያ አለበት። ሄትፊልድ በር ወርውሮ ሲወጣ ይታያል። በ1983 ከባንዱ የተባረረው ዴቭ መስቴይን ኡልሪክ ፊት ተቀምጦ የስንት ዓመት ቁጭቱን ያወጣል። አባትየውም ያቺን «አጥፉት» የሚሏት እዚያው ነው።

ፊልሙን ሃያስያን ወደዱት። በገለልተኛ ፊልሞች መድረክ፣ በኢንዲፔንደንት ስፒሪት፣ የምርጥ ዘጋቢ ፊልም ሽልማት ወሰደ። የሚገርመው ታዲያ ምን መሰላችሁ? ፊልሙ መወደዱ አልበሙን አላነሳውም። እንዲያውም ቦታውን አሳየው። ሃያስያኑ አልበሙ ውስጥ ሲፈልጉት የነበረው እውነተኛነት፣ ጥሬነት፣ ድፍረት ሁሉ ፊልሙ ላይ ተገኘ፤ ያውም ያለ ጣሳ። ከዚያ ወዲህ ሰው «ፊልሙን አይተኸዋል?» ይላል እንጂ «አልበሙን ሰምተኸዋል?» አይልም። ታሪኩ የራሱን ቤት ሲያገኝ ሙዚቃው ብቻውን ቀረ።

አድናቂው ግን ተጠያቂ ይፈልጋል። ቦብ ሮክን ያዙልኝ ብያችሁ ነበር። ባንዱ ፕሮዲዩሰሩን እንዲቀይር የሚጠይቅ ፊርማ ተሰበሰበ፤ 1,500 ያህል ሰው ፈረመ። ለኔ ይኼ ፍትሕ አይመስለኝም። ማንሻዋን ያላነሳው ድራመሩ ነው። ወደድኩት ያለውም እሱ ነው። ሮክ ባንዱ እንዳይበተን ይዞ ቤዝ ሲጫወት የከረመ ሰው ነው። ለነገሩ ሻካራው ድምፅ የሱም ፍላጎት ነበረበት፤ ጋራዥ ውስጥ የሚለማመድ ባንድ እንዲመስል ፈልጎ ነበር። ግን አንጋፋ ባንድ ሲያጠፋ አድናቂ ባንዱን መጥላት ይከብደዋል። አጠገቡ የቆመውን ይጠላል።

ቀጣዩን አልበም ሮክ አልሠራውም። ሪክ ሩቢን ተተካ። «ዴዝ ማግኔቲክ» በ2008 ወጣ። ሶሎው ተመለሰ፣ የስኔሩ ሽቦም ተወጠረ፣ ፍጥነቱም መጣ። ሃያስያኑ በሰፊው ተቀበሉት። ልጆቹ ተመለሱ ተባለ። ግን ይህ ባንድና የድምፅ ጉዳይ መቼም አይታረቁም። አዲሱ አልበም ድምፁ ከሚገባው በላይ ከፍ ተደርጎ ስለተቀዳ ይሰነጣጠቃል ተባለ። አድናቂዎቹ ይህን ያወቁት ደግሞ በቪዲዮ ጌም ነው። «ጊታር ሂሮ» ላይ የወጣው ቅጂ ከሲዲው ይልቅ ጥርት ብሎ ተሰማ። እንደገና ፊርማ። አሁን ከ10,000 በላይ ሰው። ሂሳቡን ተመልከቱልኝ። በጣሳው አልበም 1,500፣ በተመሰገነው አልበም ከ10,000 በላይ።

ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው። የ2008ቱን ሲያማርሩ ዘፈኖቹን ወደዋቸው፣ አጥርተን መስማት እንፈልጋለን ብለው ነው። ወደኋላ ብትሄዱም ያው ነው። የ1988ቱ አልበማቸው «ጀስቲስ» ቤዙ አይሰማም። ኒውስቴድ የተጫወተውን ለመስማት ጆሮን ድምፅ ማጉያው ላይ መለጠፍ ነው። ከባድ የድምፅ ስህተት ነው፤ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ግን ያንን አልበም «አይረባም» የሚል የሜታል አድማጭ ብዙ አታገኙም። ለምን ይቅር ተባለ? ዘፈኖቹ ስለቆሙ ነው።

ጣሳውን ጥፋተኛ አላደርግም ያልኩት ለዚህ ነው። የ«ሴንት አንገር» ሕመም ርዝመቱ ላይ ነው። 11 ዘፈን በ75 ደቂቃ፤ ሲካፈል ለአንዱ 7 ደቂቃ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ረጅም ዘፈን ለሜታሊካ አዲስ አይደለም። ግን ድሮ ረጅሙ ዘፈን መንገድ ነበረው። ቀስ ብሎ ይጀምራል፣ ይታጠፋል፣ ሶሎው ሌላ ክፍል ይከፍታል፣ ከዚያ ይመለሳል። እዚህ ሶሎው ሲወጣ ርዝመቱ ባለበት ቀረ። ማጠፊያ የለም። አንዱ ሪፍ (አጭር የጊታር ሐረግ) ይመጣል፣ ይደገማል፣ ሌላው ይመጣል፣ ይደገማል። የመጀመሪያዎቹ 3 ደቂቃዎች ላይ ጭንቅላታችሁን ትነቀንቃላችሁ። 5ኛው ላይ ሰዓት ታያላችሁ። ጣሳውም የሚያስመርረው ለዚህ ይመስለኛል። አጭር ዘፈን ውስጥ ቢሆን ጆሮ ይለምደው ነበር። እዚህ ግን ሌላ የሚያዳምጡት ነገር ስለሚጠፋ ጆሮ ጣሳው ላይ ይቀራል።

በ2015 ጥቂት አድናቂዎች አልበሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ራሳቸው እንደገና ተጫውተው ቀዱት። የተለመደ የስኔር ድምፅ አስገቡበት። ብዙ ሰው በደስታ አዳመጠው። እኔም አዳመጥኩት። ቅር የሚል ነገር ነበረው። ጆሮ አይቆረቁርም፤ ሥራው የጸዳ ነው። ግን ያ የሚያሳብደው ነገር ሲወጣ ዘፈኖቹ ተራ ሆኑብኝ። ጣሳው ለካ ፊርማቸው ነበር። ይህን ስጽፍ ከላይ ካልኩት ጋር በከፊል እንደሚጋጭ አውቃለሁ። ይጋጭ።

ባንዱስ ምን አለ? ኡልሪክ ወደኋላ አላለም። አድማጩ እንዲህ ጆሮውን መዝጋቱ እንዳስደነገጠው ተናግሯል። ያን ጊዜ ያን ነበርን፣ በሥራው እቆማለሁ ባይ ነው። ሄትፊልድ ለዘብ ይላል። በ2017 ስለ ቆዩ አልበሞቻቸው ሲጠየቅ ትንሽ ቢስተካከሉ የሚላቸው ነገሮች እንዳሉ ገለጸ። «ጀስቲስ» ላይ ወፍራሙ ድምፅ ከፍ ቢል፣ «ሴንት አንገር» ላይ የቆርቆሮ ስኔሩ ቀነስ ቢል። ቆርቆሮ ያለው እኔ ሳልሆን ራሱ ነው። ግን እነዚህ ነገሮች የታሪካችን አካል ስለሆኑ አንነካቸውም አለ።

መድረክ ላይ ግን የተለየ ፍርድ ነው ያለው። ባንድ ዘፈኑን በእውነት ምን ያህል እንደሚወደው የሚታወቀው በቃለ መጠይቅ ሳይሆን በየምሽቱ በሚመርጠው ዝርዝር ነው። ከ2004 በኋላ የዚህ አልበም ዘፈኖች ከመድረክ ጠፉ ማለት ይቻላል። አልፎ አልፎ አንዱ ብቅ ይላል፤ ከዚያ ለዓመታት ይሰወራል። ሃያስያኑም አድናቂዎቹም ያላሉትን ባንዱ ራሱ በዝምታ አለው።

አንድ ዘፈን ብቻ ሌላ ዕድል ገጠመው። የአልበሙ መዝጊያ ነው፤ «ኦል ዊዝን ማይ ሃንድስ»። ወደ 9 ደቂቃ ይጠጋል። የሚያልቀው በጩኸት ነው፤ ሄትፊልድ ጉሮሮው እስኪቀደድ አንዲት የመግደል ቃል እየደጋገመ። ከአልበሙ በሙሉ ሰው ጨክኖ የማይጨርሰው እሱ ነበር። በ2007 አኩስቲክ አድርገው ተጫወቱት። ጊታሩ ለስለስ አለ፣ ዜማው ተገለጠ። በ2017 ባንዱ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሲያቋቁም ስሙን ከዚህ ዘፈን ወሰደ። በሴፕቴምበር 2019 ደግሞ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ከከተማው ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር ሲጫወቱ ይህንኑ ዘፈን ከዝርዝራቸው አስገቡት። ሄትፊልድ በዝግታ ይዘፍናል፤ ከኋላው ቫዮሊኖቹ ይነሳሉ። ከ2003ቱ ቅጂ ጋር አከታትላችሁ ብትሰሙት የመጀመሪያው ነገር የምትፈልጉት ያንን «ጧ» ነው። የለም።